ከእኔ በፊት የመጣው ተለማማጅ

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ቤት ውስጥ የወረቀት ቃጠሎ ሸተተኝ። ዝናብ ሊመጣ ሲል አሰላ ላይ የምትወጣው ፀሐይ ኃይለኛ ናት፤ ምራቴ መስኮቱ ደፍ ላይ ባስቀመጠችው ድቡልቡል የብርጭቆ የውሃ ዕቃ ውስጥ አልፋ፣ አጠገቡ የተኛውን ወረቀት ጫፉን ማሳረር ጀምራለች። ወረቀቱ የልጅ ልጄ የሊዲያ ነው፤ አራት ወር ያለ ደመወዝ እንድትለማመድ ዩኒቨርሲቲዋ ለአንድ መሥሪያ ቤት የጻፈላት ደብዳቤ። ሊዲያ ብድግ ብላ አነሣችው። የባቄላ ፍሬ የምታክል ቡናማ ጠባሳ ብቻ ቀረችበት። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ፀሐይ በብርጭቆ ውስጥ አልፋ ወረቀት ስታሳርር የሚወጣውን ሽታ ሥራዬ ሆኖ ለብዙ ዓመት በየቀኑ አሽትቼዋለሁ፤ መጀመሪያ ያሸተትኩበትን ቦታ ግን ሳስብ ሁልጊዜ አንድ ሰው አብሮ ይመጣብኛል።

ቤት ውስጥ የነበረው ክርክር ከምሳ በፊት የተጀመረ ነው። ልጄ፣ የሊዲያ አባት፣ «ይኼ ልምምድ አይደለም፣ ነፃ ጉልበት ነው» ይላል። «ትራንስፖርቷን እኔ፣ ምሳዋን እኔ፤ እሷ ለእነሱ ፋይል ስትደረድር ልትውል። አቅም የሌለው ሰው ልጅስ በምን ሊለማመድ ነው?» ምራቴ ደግሞ፣ «ሰው የሚቀጥሩት ካዩት ከለመዱት መሀል ነው። እቤት ቁጭ ብላ ስልክ ከምትነካካ ሥራ ምን እንደሚመስል ትይ» ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ለዚህ ነው ክርክሩ የማያልቀው። ሊዲያ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ እርስዎ ያለ ደመወዝ ሠርተው ያውቃሉ?» «አምስት ወር» አልኳት። «ጠቀመዎት?» «ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ደመወዝ በላሁበት» ስል ምራቴ አጨበጨበች፣ ልጄም እጁን ሰጠ። ውሸት አልተናገርኩም። ግን የነገርኳቸው ግማሹን ነው፤ ሌላውን ግማሽ ለማንም ሳልነግር ይኸው ፀጉሬ ነጣ።

ያኔ አሰላ የጋሪ ከተማ ነበረች። ጠዋት የሚቀሰቅሰን የፈረሶቹ ቃጭል ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከገበያው በላይ፣ ዳቦ ቤቱ ጥግ፣ አንዲት በረንዳ ተከራይቶ ቀኑን ሙሉ መኪናውን ይረግጣል። የወንዱም የሴቱም ሱሪ ከታች እንደ ደወል የሚሰፋበት ጊዜ ስለነበር «ይኼ ሁሉ ጨርቅ ለእግር ነው ወይስ መንገድ ለመጥረግ?» እያለ ያጉረመርማል፣ ግን ይሰፋል። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር፣ ከአምባሻ ጋር ሃያ አምስት፤ ጓደኛ ያለው ሰው አንዱን አምባሻ ለሦስት ይካፈላል። አውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት ያለው ካሴት ቤት አንድ የመለያየት ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግማል። ግጥሙ ዛሬ ጠፍቶብኛል፤ ዜማውን ግን ሳህን ሳጥብ ሳላስበው ሳንጎራጉረው እገኛለሁ። ጊዜው የማን ጊዜ እንደነበር አልናገርም። ስብሰባ ይበዛ ነበር፣ ሰውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራ ነበር፤ እሱ ይበቃል።

የምማርበት ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን ለአምስት ወር የተግባር ልምምድ ይልክ ነበር። መምህራችን ስማችንን እየጠራ ማኅተም ያለው ወረቀት አደለን። «ደመወዝ የለውም፣ አበልም የለውም። ግን ጎበዝ የሆነ እዚያው ይቀራል» አለን። እዚያው ይቀራል ማለቱ ይቀጠራል ማለቱ ነበር። ቃሉ ሌላም ትርጉም እንዳለው የገባኝ በኋላ ነው። ከጓደኞቼ ሁለቱ አምስት ወር ሙሉ የሚበሉት ስለሌላቸው ወረቀቱን መልሰው ትምህርቱን ተዉ፤ ሁለቱም ከእኔ የሚሻሉ ልጆች ነበሩ። ለእኔ አባቴ አሮጌ የወታደር ካፖርት አሳጥሮ ኮት ሰፋልኝ። እናቴ የገብስ ዱቄት በቅቤ አሽታ አንድ ቅል ሙሉ ጭኮ ጠቀጠቀችልኝ። የደረሰኝ ቦታ ከበቆጂ በላይ ያለ የአየር ጠባይ መመዝገቢያ ጣቢያ ነበር። ስሙን አልጠራም።

በቆጂ ከአውቶቡስ ወርጄ ሁለት ሰዓት ተኩል ሽቅብ በእግሬ ወጣሁ። የታጨደው የገብስ ማሳ አለቀ፣ አስታ የሚሉት የደጋ ቁጥቋጦ ጀመረ፣ ከአስታው በላይ ደግሞ ጅብራ። ጅብራን ላላየ ሰው፦ ከሰው የሚረዝም፣ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ አናቱ ላይ ጎፈሬ የመሰለ ቅጠል የተሸከመ ተክል ነው። ጭጋጉ ሲወርድ ግንዱና ጎፈሬው ብቻ ይታያል፤ ያኔ ተክል መሆኑ ይቀርና ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይሆናል። አንድ ሰውም አይደለም፣ ሜዳ ሙሉ ሰው። የመጀመሪያው ቀን አንዱን «እንደምን ዋሉ» ብዬዋለሁ።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ደምሴ ከሩቅ አገር ተመድበው የመጡ፣ ወደ አምሳ የሚጠጉ፣ ጉልበታቸውን ቁርጥማት የያዛቸው ሰው ነበሩ። ኃላፊም ሠራተኛም ጥበቃም እሳቸው ብቻ ናቸው። «ስምሽ ማን ነው?» አሉኝ። «ዘነበች።» «እሰይ! ዝናቧ ራሷ በእግሯ መጣችልን» ብለው ሳቁ፤ በዚያ አምስት ወር ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሥራውን አሳዩኝ። በሽቦ አጥር ውስጥ በአራት እግሩ የቆመ ነጭ የእንጨት ሳጥን አለ፤ ቴርሞሜትሮቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። ዝናብ የሚጠራቀምበት መለኪያ ቆርቆሮ አለ። በድንጋይ ምሰሶ ላይ ደግሞ ትልቅ ብርቱካን የምታህል የብርጭቆ ኳስ አለች። ከኋላዋ የወረቀት ካርድ ይደረጋል፤ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ኳሷ ብርሃኑን ሰብስባ ካርዱን እያሳረረች መስመር ታሰምርበታለች፤ መስመሩ ሲለካ ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደታየች ይታወቃል። በኳሷ ውስጥ ሲመለከቱ ዓለም ተገልብጦ ነው የሚታየው፤ ሰማዩ ከሥር፣ ተራራው በአናቱ ተተክሎ። ንባብ በቀን አራት ጊዜ ነው፤ ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ሦስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ማታ አሥራ ሁለት። «አንድ ሰዓት ካመለጠሽ ባዶ ተዪው» አሉኝ ጋሽ ደምሴ። «ፈጥረሽ እንዳትጽፊ። ሰማይ የሚታዘብ ነገር ነው።»

ማደሪያዬ ከአጥሩ መቶ እርምጃ ዝቅ ብሎ ካለው ከአዴ ፋጡማ ቤት ነበር፤ አዴ በኦሮምኛ እንደ እማማ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። አዴ ፋጡማ ባላቸው የሞተባቸው፣ ላሞችና ትንሽ የገብስ ማሳ ያላቸው ሴት ናቸው። ኪራይ አልጠየቁኝም። «የሰው ልጅ ነሽ፣ ደሞ የመንግሥት ሥራ ትሠሪያለሽ፣ መንግሥት ደሞ አይከፍልሽም፤ እኔ ምን ልቀበልሽ?» አሉኝ፣ ከኦሮምኛ እየተበደሩ በሚያወሩት አማርኛ። ጋሽ ደምሴ አሥር ቀን አብረውኝ ሠሩና ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ ለሕክምና ወደ በቆጂ እየወረዱ ቅዳሜ ይመለሱ ጀመር። ጣቢያው ለእኔ ተተወ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ብቻዬን በሆንኩ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሣሩ ሁሉ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ኮቴን ደርቤ ወደ አጥሩ ስወጣ ዱካ አየሁ። የሰው ባዶ እግር። ከላይ ከአስታው በኩል መጥቶ፣ በአጥሩ በር ገብቶ፣ ነጩ ሳጥን ፊት ቆሞ፣ ከዚያ በመጣበት ተመልሷል። እየተጣደፈ የሄደ ሰው ዱካ አልነበረም፤ ሳጥኑ ፊት ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን፣ ተረጋግተው የቆሙበት ቦታ አመዳዩ ቀልጧል። ብዙ ቆሟል ማለት ነው። የሳጥኑ መቀርቀሪያ ተከፍቷል። ሌባ ይሆናል ብዬ ውስጡን አየሁ፤ አንድም ነገር አልጎደለም። በማግስቱም ዱካው ነበረ። በማግስቱ ማግስትም። ዱካውን ባየሁ በአራተኛው ቀን ከሳጥኑ ሥር፣ ጠጠር የተጫነበት አንድ ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ከዚያም አኃዞች፤ ሙቀቱ፣ እርጥበቱ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ ደመናው ከስምንት እጅ ስንቱን እንደሸፈነ። በእርሳስ፣ እንደ ጥልፍ ባማረ ጽሕፈት። ቴርሞሜትሩን አነበብኩ። አኃዙ ያው ነው።

ጋሽ ደምሴ ቅዳሜ ሲመለሱ ወረቀቱን ከአጥሩ ጎን ባለችው የቢሮ ክፍል ውስጥ አሳየኋቸው። አልነኩትም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና «ነፋስ ያመጣው ይሆናል» አሉ። «ጋሽ ደምሴ፣ ነፋስ ይጽፋል እንዴ?» «አንቺ የራስሽን ጻፊ። ሌላውን ተዪው።» ማታ አዴ ፋጡማን ጠየቅኋቸው። እሳቸው ደግሞ ከእሳቱ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ካየሽው ሰላም በይው። አትከተዪው ግን» አሉ።

«ማንን?»

«ተማሪውን። ከአንቺ በፊት የመጣውን። አማን ይባላል፣ የሁሩታ ልጅ ነው።»

ነገሩን ቀስ እያሉ ነገሩኝ። አማን እንደ እኔው ማኅተም ያለው ወረቀት ይዞ፣ እንደ እኔው ለአምስት ወር መጣ። ጎበዝ ነበር፤ ሰማዩን አይቶ ነገ ውርጭ ይጥላል ካለ ይጥላል። አምስት ወሩ ሲያልቅ ቱሪ አሉት፤ ቱሪ በእነሱ ቋንቋ ቆይ ማለት ነው። ቆይ፣ ቦታ ይከፈታል፣ ደብዳቤህ ይመጣል። ቆየ። ያለ ደመወዝ አንድ ክረምት፣ ሌላ ክረምት። ከዚያ ቤትህ ሄደህ ጠብቅ፣ ደብዳቤው እዚያው ይደርስሃል ብለው ሸኙት። ሄዶ ጠበቀ። በአንድ ጭጋጋማ ቀን ግን ከአስታው መሀል ወጥቶ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሳጥኑ ፊት ቆመ። «ከዚያ ወዲህ አልሄደም» አሉ አዴ ፋጡማ። «ላይ እረኞች የተዉት ጎጆ ውስጥ ነው የሚያድረው። ድንጋዩ ላይ ወተትና ቂጣ አኖርለታለሁ። ከአንቺ በፊት አንዷ መጥታ በሦስተኛው ቀን ፈርታ ወርዳለች። እሱ ግን ማንንም አይነካም። ሥራውን ብቻ ነው የሚሠራው።»

መፍራት ነበረብኝ፣ ፈራሁም። ግን ፍርሃትም እንደ ብርድ ይለመዳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ የእሱን አኃዝ ከእኔው ጋር አመሳከርኩ። አንድ ጊዜ ተለያየን፤ ተመልሼ ሳነብ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ሲሆንብኝ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ተኛሁ። አንድ ሰዓት ላይ ወጥቼ ወረቀቱን ከጠጠሩ ሥር አንሥቼ መዝገቡ ላይ ገለበጥኩት። ምንም አልሆነም። በማግስቱም ተኛሁ። በወሩ የጠዋቱን ንባብ ጨርሶ ትቼው ነበር። የኳሷንም ካርድ እሱ ይለውጠው ጀመር፤ የተቃጠለውን ካርድ ከኋላው ቀኑን ጽፎበት፣ ጥቁር መስመሩ እስካሁን እየሸተተ፣ ከድንጋይ ሥር አገኘዋለሁ። እሱን ላየው አልቻልኩም። የማየው ዱካውን ብቻ ነው፤ ሥራዬ ግን በየቀኑ ተሠርቶ ይጠብቀኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ያብድ ነበር። እኔ እንቅልፌን ተኛሁ።

ያየሁት በጥር ነው፣ በጠራራ ቀን፣ ወደ ስድስት ሰዓት ግድም። ጭጋጉ ከታች እየወጣ ጅብራዎቹን አንድ በአንድ ሲውጥ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ የብርጭቆዋን ኳስ በጨርቅ እወለውላለሁ። በኳሷ ውስጥ እንደ ወትሮው ተራራው ተዘቅዝቋል፣ ጅብራዎቹም ተዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል። አንዱ ጅብራ ግን እጅ አለው። በእግሩ ተዘቅዝቆ የተሰቀለ ሰው ሆኖ ነው የታየኝ። ቀና ስል ከአጥሩ ማዶ ቆሟል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋቢው የጭጋግ ቀለም ያለው፣ ፀጉሩ እንደ ጅብራው የቆመ። ዓይኑ ግን የእብድ ዓይን አልነበረም። የሰነበተ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «አካም ቡልቴ?» አለኝ፣ እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው። «ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደመናውን አምስት እጅ ብለሻል» አለ ቀጥሎ። «ስድስት ነበር። መዝገብሽን በቢሮው መስኮት አየሁት። አርሚው፤ የእኔን ሳይሆን የአንቺን ስም ነው የሚያበላሸው።»

«አርመዋለሁ» አልኩ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደብዳቤዬ መጣ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ልናገረው የምችለው ነገር ብዙ ነበር። አላውቅም ማለት እችል ነበር። ጋሽ ደምሴን ጠይቅ ማለት እችል ነበር። ግን ነገ ጠዋት ወዲያው ታየኝ፤ አመዳዩ፣ የሳጥኑ ቀዝቃዛ መቀርቀሪያ፣ የሚተወኝ እንቅልፍ። እሱ ከሄደ ያ ሁሉ ወደ እኔ ይመለሳል። አፌ ተከፈተና፣ ከራሴ ድምፅ ይልቅ የጋሽ ደምሴን በሚመስል ድምፅ፣ «አልመጣም ገና። ግን ይመጣል ብለዋል። ትንሽ ቆይ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እቆያለሁ» አለና ጭጋጉ ውስጥ ገባ። ጥቂት እርምጃ እንደሄደ ከጅብራዎቹ ለይቼ ላየው አልቻልኩም።

እሑድ ዕለት ሊዲያ ስትጠይቀኝ የመጣብኝ ይህ ነው። ልምምዱ ጠቅሞኛል፤ እግዜር ያውቃል ጠቅሞኛል። ደመና ማንበብ፣ ለአንድ አሥረኛ ዲግሪ መጠንቀቅ፣ ሰዓት ማክበር፣ ይህን ሁሉ ከክፍል ሳይሆን ከዚያ ተራራ ነው ያገኘሁት፤ ያውም አብዛኛውን ከአማን ቁራጭ ወረቀቶች። ጋሽ ደምሴም ክፉ ሰው አልነበሩም። ለሦስት ሰው የሚሆን ሥራ በታመመ ጉልበት ይሠሩ ነበር፤ በነፃ የመጣላቸውን እጅ መልቀቅ አቃታቸው። እኔም ያው። ራሴ ያልተከፈለኝ ሆኜ ሳለ፣ ከእኔ በታች ያልተከፈለው ሰው ሲገኝ ጊዜ አልማርኩትም። ሳስበው እስከ ዛሬ ከጭጋጉም ከዱካውም በላይ የሚያስፈራኝ የዚያች ቀን የራሴ ድምፅ ነው።

በየካቲት አንድ ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ መጣ። ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ጭቃው ጫማውን ስላበላሸበት የተናደደ ሰው። መዝገቡን ገልጦ ገልጦ ሲያበቃ ንዴቱ በረደ። «አንድ ባዶ የለም» አለ። «በዚህ ብርድ፣ በአንዲት ልጅ፣ አንድ ባዶ ሰዓት የለም! አቶ ደምሴ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ንባብ ከየት አመጡ?» ጋሽ ደምሴ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት አየሁ። ልምምዴ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው አንድ መልእክተኛ በበቅሎ ደብዳቤ ይዞ ወጣ። በቋሚነት ተቀጥሬያለሁ። ጋሽ ደምሴ በቆጂ ነበሩና ፖስታውን ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ከፈትኩት፤ ስሜን በታይፕ ተጽፎ ሳየው ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ በሩ ጨለመ። አማን ቆሟል። እኔ እያየሁት ወደ ቢሮው ደጃፍ ሲመጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። እግሩን በደጃፉ ሣር ጠረገና ገባ።

«በቅሎዋን አየኋት» አለ። «መጣ አይደል?»

ወረቀቱን ልደብቀው አልቻልኩም። እጁን ዘረጋ፣ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፤ ከራስጌው እስከ ማኅተሙ፣ ቴርሞሜትር እንደሚያነብ፣ ሳይቸኩል። አንድ ጊዜ ስሜ ላይ ጣቱን አኖረ። ከዚያ በዕጥፉ መልሶ አጠፈና ሰጠኝ። «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። «ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል። ንባቡ አልተወሰደም፣ ሂጂ።» ወጥቶ ሄደ። ሣሩ ላይ ያለፈበት እንኳ ድምፅ አልነበረውም።

በማግስቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ስነሣ አመዳዩ ንጹሕ ነበር። ዱካ የለም። ወረቀት የለም። ያን ጠዋት ሳጥኑን ራሴ ከፈትኩ፤ ባዶውን አመዳይ እንደዚያ የምፈራው አይመስለኝም ነበር። በሁለተኛው ቀንም የለም። አዴ ፋጡማ ድንጋዩ ላይ ያኖሩት ወተት እንዳለ ቆሞ ረጋ። በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ እሳቸውና እኔ ዱላ ይዘን ወደ ላይ ወጣን። ጎጆው ባዶ ነበር፣ ምድጃው ግን ገና ሞቅ ይላል። ግድግዳውን ታክኮ፣ በየወሩ በገመድ የታሰረ የቁራጭ ወረቀት ክምር ተደርድሯል፤ ለእኔ የተወልኝን ሁሉ ለራሱም ደግሞ ጽፎት ኖሯል። ከላይ ያሉት ወረቀቶች የእነዚያ የመጨረሻ ቀናት ናቸው። አማን በእነዚያ ቀናት ወደ አጥሩ አልወረደም፤ ዱካ አልነበረማ። ጎጆውም ውስጥ ቴርሞሜትር የለም። ወረቀቶቹን ይዤ ወርጄ ራሴ ካነበብኩት ጋር አስተያየኋቸው። ከአንዱ በቀር፣ እሱም በአንድ አሥረኛ ዲግሪ፣ ሁሉም አንድ ነበሩ። አዴ ፋጡማ ይህን ስነግራቸው ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀመጡ።

ቅዳሜ ጋሽ ደምሴ ሲመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው። የጠዋቱን እንቅልፌን፣ የገለበጥኩትን፣ «ቆይ» ያልኩትን። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና «ለእሱ ይሁን» አልኳቸው። «ብትቀጂው ማንም አይቀጠርም» አሉ ደብዳቤውን ወደ እኔ መልሰው እየገፉ። «ቦታው ተመልሶ ይዘጋል እንጂ ስሙ ወደ እሱ አይዞርም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስጽፍላቸው ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን አልመለሱልኝም።» «ታዲያ ለምን አልነገሩትም?» ስላቸው ጉልበታቸውን እያሹ «ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ» አሉ።

ሰኞ፣ ወደ ቤቱ ሄዶ ይሆናል ብዬ፣ በአሰላ በኩል አድርጌ ሁሩታ ሄድኩ። ቤታቸውን ገበያው ዳር ጠይቄ አገኘሁት። አማን ከደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ቅዳሜ ማታ መጥቷል፣ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ፊቱን ወደ ተራራው አዙሯል። እናቱ አጠገቡ ቆመው የያዝኩትን ቦርሳ ያዩታል። ወረቀት ላወጣ መስሏቸው ነበር። ሰላምታም ሳልሰጥ፣ ድፍረቴ ሳይከዳኝ፣ «አማን፣ ደብዳቤው አይመጣም» አልኩት። «እኔ ይመጣል ያልኩህ ውሸት ነው። ማንም እንዲህ አላለኝም። እንድተኛ ብዬ ነው። የተቀጠርኩትም በአንተ ንባብ ነው።»

ዞሮ አየኝ። «አይመጣም?»

«አይመጣም።»

«መቼም?»

«መቼም።»

ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። ይመታኛል ብዬም ጠበቅሁ። እሱ ግን ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው እንደሚተነፍስ ተነፈሰና፣ «እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም» አለ። ተነሥቶ እያነከሰ ወደ ቤት ገባ። እናቱ ገና አሁን ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ይህችን አንዲት ቃል ለማምጣት ሰው ይህን ያህል ዓመት ይፈጅበታል?» አሉኝ። ልሂድ ስል ግን ክንዴን ያዙኝ። «ተኝቷል። ሲነቃ የምትጠፊበት እንደሆነ ሕልም ይመስለዋል። እደሪ።» አደርኩ።

ሥራውን ወሰድኩት፤ ይህንንም ልናገር። ጋሽ ደምሴን ተክቼ ኃላፊ ሆንኩ፣ ከዚያ ወደ አሰላ ተዛወርኩ፣ አግብቼ ወለድኩ። አማን ሁሩታ ወፍጮ ቤት ገብቶ መካኒክ ሆነ፣ እሱም አገባ። ሁለት ጊዜ አሰላ አውቶቡስ ተራ ላይ ተገናኝተን ልጆቻችንን ተጠያይቀናል፤ ስለ ጣቢያው አላነሣም፣ ይቅር ብሎኝ እንደሆነም አልጠየቅሁትም። ሊዲያን ሳገኛት የምነግራት ይህን ነው። ሂጂ፣ ተማሪ፤ ቀኑ ሲያልቅ ግን ይቀጥሩሽ እንደሆነ ፊት ለፊት ጠይቂ፣ ቆዪ ካሉሽ ዕቃሽን ሰብስበሽ ውጪ። ደግሞ አንድ ቀን ወንበሩ የአንቺ ከሆነ፣ ለሚጠይቅሽ ሰው እውነቱን በዚያው ቀን ንገሪው።

ሁሩታ ባደርኩበት በዚያ ሌሊት እናቱም እኔም እየተነሣን አማንን በመጋረጃው በኩል አየነው። አልተገላበጠም። እናቱ ከተራራው ከመጣ ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ ብድግ እያለ ደጅ እንደሚቆም ነግረውኝ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። አልተነሣም። ፀሐይዋ ወጣች፣ የገበያው ሰው በደጅ አለፈ፣ አህዮች አለፉ። ወደ አራት ሰዓት ሲጠጋ መጋረጃው ተገለጠና አማን ዓይኑን እያሸ ወጣ። የፀሐይዋን ከፍታ አየ፤ ፊቱ ላይ ድንጋጤ መጣበት።

«ሦስት ሰዓት አለፈ» አለ።

«አለፈ» አሉት እናቱ፣ ትኩሱን ቂጣ በቅቤ እየለወሱ። «እጅህን ታጠብና ብላ።»

ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ እጁን ታጠበና መሀላችን ተቀምጦ በላ።